ሕፃኑ ለምን አለቀሰ? የዑመር (ረ.ዐ) ሌሊት እና የመጀመሪያዋ ጉርሻ ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የሶሓቦችን ታሪክ ስናነሳ ብዙ ጊዜ ትኩረታችን ጦርነቱ፣ የከተሞቹ መከፈትና የኸሊፋዎቹ ፍርድ ላይ ነው። የዛሬው ታሪካችን ግን የሚነሳው ከአንድ ሕፃን ለቅሶ ነው። የሕፃኑ ስም በታሪክ አልተመዘገበም፤ የእናቱም እንዲሁ። ሆኖም በእርሱ ለቅሶ ምክንያት የሙስሊሞች ኸሊፋ ሱብሒን ሲያሰግድ ቂርኣቱ እስከማይለይ ድረስ አልቅሷል፤ በመላው ግዛት ይሠራበት የነበረ የመንግሥት ደንብም በዚያው ጠዋት ተቀይሯል።

ጉዳዩ ሕፃን ከእናት ጡት ወደ ምግብ የሚሸጋገርበት ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን ወንዶች ይህን «የሴቶች ጉዳይ» ብለን ለእናቶችና ለአያቶች ትተነዋል። የኢስላም ታሪክ ግን እንደዚያ አላየውም። ቁርኣን ጊዜ ወስኖለታል፤ ሐዲስ አንስቶታል፤ ፉቀሃዎች ብይን አውጥተውበታል፤ ኸሊፋ ገንዘብ መድቦለታል፤ ሐኪሞች ምዕራፍ ከፍተውለታል። በቅደም ተከተል እንያቸው።

1. በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን

የመካ ሰዎች ልጆቻቸውን በገጠር ለሚኖሩ አጥቢ ሴቶች የመስጠት ልማድ ነበራቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በበኒ ሰዕድ ጎሣ ሐሊማ ዘንድ ጠብተው እንዳደጉ ሁላችንም እናውቃለን። ሲራ እንደሚነግረን ሐሊማ ወደ እናታቸው ወደ አሚና ያመጣቻቸው ሁለት ዓመት ሞልቷቸው ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር፤ ከዚያም ለምና እንደገና ይዛቸው ተመለሰች። የሁለት ዓመቱ ጊዜ እንግዲህ በዐረቦች ዘንድ የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ቁርኣን ሲወርድ ይህን ልማድ ወደ መብትና ግዴታ ቀየረው። በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ ማጥባትን ለማሟላት ለሚፈልግ ሁለት ሙሉ ዓመት ተቀመጠ። በዚሁ አንቀጽ ለምታጠባዋ እናት ምግብና ልብስ የማቅረብ ግዴታ በአባት ላይ ተጣለ። እናትም በልጇ ሰበብ እንዳትጎዳ፣ አባትም እንዳይጎዳ ተከለከለ። ሁለቱ ከሁለት ዓመት በፊት ጡት ለማስጣል ከፈለጉም በመካከላቸው መስማማትና መመካከር ካለ ኃጢአት እንደሌለባቸው ተገለጸ። ልብ በሉ! የአንድ ሕፃን ጡት መጣል የሁለት ሰው ምክክር የሚጠይቅ ውሳኔ ተደርጎ በቁርኣን ተቀምጧል። አባት ብቻውን «አስጥዪው» ማለት አይችልም፤ እናትም ብቻዋን እንድትወስን አልተተወችም።

ሐዲስ ላይ ደግሞ ሦስት ታሪኮች እናገኛለን።

የመጀመሪያው የተሕኒክ ታሪክ ነው። አስማእ ቢንት አቡ በክር (ረ.ዐ) ወደ መዲና ተሰድዳ ቁባእ ስትደርስ ልጇን ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይርን ወለደች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተምር አላምጠው ከሕፃኑ ትናጋ ላይ አሹለት፤ ዱዓም አደረጉለት። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። ተሕኒክ ቅምሻ ነው፤ ማዕድ አይደለም። እነዚሁ እናቶች ከተሕኒኩ በኋላ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በጡት ነበር። በአገራችን አንዳንድ ቦታ አዲስ የተወለደ ልጅ ቅቤ ማላስ፣ ስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ በማንኪያ መስጠት የተለመደ ነው። ይህን ልማድ በተሕኒክ ሱና ማስደገፍ ግን ትክክል አይደለም።

ሁለተኛው የኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሰን (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። ገና ምግብ ያልጀመረ ትንሽ ወንድ ልጇን ይዛ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጣች። እርሳቸውም እቅፋቸው ላይ አስቀመጡት። ልጁ ልብሳቸው ላይ ሸና። ውሃ አስመጥተው ረጩበት እንጂ አላጠቡትም። ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ፊቅህ የተማረ ሁሉ ይህን ሐዲስ በጠሃራ ምዕራፍ ያውቀዋል። ከዚህ በመነሳት የሻፊዒይ መዝሀብ ፉቀሃዎች ምግብ ያልበላ ወንድ ልጅ ሽንት ላይ ውሃ መርጨት ይበቃል፣ ምግብ ከጀመረ ግን መታጠብ አለበት ብለዋል። «ምግብ ጀመረ» የሚባለው መቼ እንደሆነም ተወያይተዋል። ለተሕኒክ የተደረገለት ተምር ወይም ለመድኃኒት የቀመሰው ነገር አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ሆዱን ለመሙላት፣ ለመፋፋት የሚበላው ነው። በመቅመስና በመመገብ መካከል ያለውን ልዩነት ዑለሞቻችን ከመቶዎች ዓመታት በፊት አጥርተው አስቀምጠውታል።

ሦስተኛው ከባድ ታሪክ ነው። ከጋሚድ ጎሣ የሆነች ሴት በራሷ ላይ ወንጀል መስክራ ቅጣቱ እንዲፈጸምባት ጠየቀች። ነፍሰ ጡር ነበረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስክትወልድ መለሷት። ወልዳ ስትመጣ ደግሞ ጡት እስክታስጥለው መለሷት። በሙስሊም ዘገባ እንደተላለፈው፣ በመጨረሻ ልጇን ይዛ ስትመጣ በእጁ ቁራሽ ዳቦ ይዞ ነበር፤ ጡት ማስጣሏንና ምግብ መብላቱንም አሳወቀች። የሐዱን ጉዳይ ለቦታው እንተወውና እኛን የሚመለከተውን እንይ። የሸሪዓ ፍርድ ራሱ ለአንድ ሕፃን ጡት ሲል ቆሟል። ያች በልጁ እጅ ያለች ቁራሽ ዳቦ ምስክር ሆና ነው የቀረበችው። ልጁ ዳቦ በእጁ ይዞ እስኪበላ ድረስ እናቱን ማንም አልነካም።

2. ዲዋኑ እና ያልታሰበው ውጤት

አሁን ወደ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን እንለፍ። ከ13ኛው እስከ 23ኛው ዓመተ ሂጅራ (ከ634 እስከ 644 እ.ኤ.አ) ኸሊፋ ነበር። በዚህ ዘመን ሻም፣ ዒራቅና ግብፅ ተከፍተው ገንዘብ ወደ መዲና መጉረፍ ጀመረ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከበሕረይን 500,000 ድርሃም ይዞ ሲመጣ ዑመር ማመን አቅቶት የሚለውን ታውቀዋለህ ወይ እያለ ደጋግሞ እንደጠየቀው፣ ተኝቶ ጠዋት እንዲመጣም እንዳዘዘው ተዘግቧል።

ገንዘቡ ሲበዛ ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ የሚመዘገብበት «ዲዋን» የሚባል መዝገብ ተቋቋመ። የታሪክ ጸሐፊዎች ዓመቱን 15ኛው ወይም 20ኛው ዓመተ ሂጅራ ያደርጉታል። የቁረይሽን የዘር ሐረግ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሦስት ሰዎች፣ ዐቂል ኢብኑ አቢ ጣሊብ፣ መኽረማ ኢብኑ ነውፈልና ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም፣ መዝገቡን እንዲጽፉ ታዘዙ። በበድር ዘመቻ ለተሳተፉት በዓመት 5,000 ድርሃም ተመደበ፤ ሌላውም በኢስላም ባለው ቅድሚያና ባበረከተው አስተዋጽኦ ደረጃ ወጣለት። ይህ ከበይተል ማል የሚሰጥ ዓመታዊ ድጎማ «ዐጣእ» ይባል ነበር።

ለልጆችም ዐጣእ ነበራቸው። ነገር ግን አንድ መስፈርት ተቀመጠ፤ ልጁ ጡት የጣለ መሆን አለበት። መስፈርቱ ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል። የሚጠባ ልጅ እህል አይበላም፤ ምግቡ እናቱ ዘንድ ነው። ወጪ የሚጀምረው ዳቦና ተምር መብላት ሲጀምር ነው። ስለዚህ በይተል ማል ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይድረስለት ነው ነገሩ። መስፈርቱን ያወጣው ሰው ክፉ አላሰበም። ችግሩ ደንቡ ድሃ ቤት ሲገባ የሚሆነው ነበር።

3. ሌሊቱ

ታሪኩን ኢብኑ ሰዕድ በ«አጥ-ጠበቃት አል-ኩብራ»፣ አቡ ዑበይድ አል-ቃሲም ኢብኑ ሰላም በ«ኪታቡል አምዋል» ጠቅሰውታል፤ ኢብኑ ከሲርም በታሪክ መጽሐፉ አስፍሮታል። በራሴ አባባል ላቅርበው።

የነጋዴዎች ቅፍለት ወደ መዲና መጥቶ በሙሰላው ሜዳ ሰፈረ። ዑመር ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረ.ዐ) ሌሊቱን አብረን ከሌባ ብንጠብቃቸውስ አለው። የሙስሊሞች መሪና ከሶሓቦች ባለጸጎች አንዱ የሆነው ሰው ዘበኛ ሆነው ሊያድሩ ወጡ። እየጠበቁ፣ በመካከሉ አላህ የጻፈላቸውን ያህል እየሰገዱ ሳለ ዑመር የሕፃን ለቅሶ ሰማ።

ወደ ድምፁ ሄዶ እናቱን አላህን እንድትፈራና ለልጇ መልካም እንድትሆን መክሯት ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ሕፃኑ እንደገና አለቀሰ። ዑመርም እንደገና ሄዶ ያንኑ ደገመላት። ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ ለቅሶውን ሰማ። አሁን ቆጣ አለ። መጥፎ እናት እንደሆነች ነገራት፤ ልጅሽ ሌሊቱን ሙሉ እረፍት ያጣው ምን ሆኖ ነው ብሎም ጠየቃት።

ሴትየዋ የሚያናግራት ማን እንደሆነ አላወቀችም። አንተ የአላህ ባሪያ ሌሊቱን ሙሉ አሰለቸኸኝ አለችው። ከዚያም ምክንያቱን ነገረችው። ልጁን ጡት ለማስጣል እያለማመደችው ነው፤ እርሱ ግን እምቢ ብሏታል። ለምን እንደምታስጥለው ሲጠይቃት ዑመር ዐጣእ የሚሰጠው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው አለችው። ዕድሜው ስንት እንደሆነ ጠየቃት። በወራት የሚቆጠር ነበር። እንዳትቸኩልበት ነግሯት ሄደ።

ከዚያ የሱብሒ ሰላት ደረሰ። ዑመር አሰገደ፤ ከለቅሶው ብዛት ግን ሰዎች የሚቀራውን መለየት አቃታቸው። ካሰላመተ በኋላ በራሱ ላይ አዘነ፤ በእርሱ ደንብ ምክንያት ስንት የሙስሊም ልጆች ሞተው ይሆን የሚል ጸጸት በአፉ ወጣ። ወዲያው ለፋፊ ጠርቶ በመዲና አዋጅ አስነገረ። ሰዎች ልጆቻቸውን ጡት ለማስጣል እንዳይቸኩሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በኢስላም ውስጥ ለተወለደ ልጅ ሁሉ ዐጣእ እንደሚመደብ ተነገረ። ይህንኑም ለግዛቶቹ ሁሉ በደብዳቤ አሳወቀ።

ኢብኑ ሰዕድ መጠኑንም ይነግረናል። ለአዲስ ሕፃን 100 ድርሃም ይመደባል፤ ከፍ ሲል 200 ይደርሳል፤ ለአካለ መጠን ሲደርስ ይጨመርለታል። ተጥሎ ለተገኘና ወላጁ ለማይታወቅ ሕፃንም እንዲሁ 100 ድርሃም ይመደብለት ነበር፤ የማጥቢያና የማሳደጊያ ወጪውም ከበይተል ማል ይሸፈን ነበር። ማንም የሌለው ልጅ እንኳ የመጀመሪያ ሁለት ዓመቱ በጀት ነበረው ማለት ነው።

ከዑመር በኋላ ዑስማን (ረ.ዐ) ኸሊፋ በሆነ ጊዜም ሥራው ቀጠለ። ቤቱ ትመላለስ የነበረች አንዲት ሴት አንድ ቀን ስትቀርበት ጠየቀ፤ ሌሊት ወንድ ልጅ መገላገሏን ነገሩት። 50 ድርሃምና ጨርቅ ላከላት። ይህ የልጅሽ ዐጣእና ልብሱ ነው፤ ዓመት ሲሞላው ወደ 100 እናሳድግለታለን አላት።

4. ከታሪኩ ምን እናነባለን?

ዑለሞች ይህን ታሪክ ሲያወሱ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የዑመርን አላህን መፍራት ነው። እውነት ነው። ግን የሌሊቱን ቅደም ተከተል እንደገና እንመልከተው።

ዑመር ሦስት ጊዜ ሄዷል። በመጀመሪያው መከራት። በሁለተኛው መከራት። በሦስተኛው ወቀሳት፤ ከዚያ ግን ጠየቃት። የነገሩ መፍትሔ የተገኘው ከምክሩም ከወቀሳውም ሳይሆን «ለምን?» ከሚለው ጥያቄ ነው። መልሱም ራሱ ዑመር ሆነ። «መጥፎ እናት» ያላት ሴት ሌሊቱን ሙሉ ከልጇ ጋር ስትታገል ያደረችው እርሱ ባወጣው ደንብ ምክንያት ነበር። ልጇን ስለጠላች አልነበረም። ቤቷ 100 ድርሃም ያስፈልገው ነበር።

ሁለተኛው ነገር፣ ዑመር እውነቱን ካወቀ በኋላ እናቶችን የሚቀጣ ሕግ አላወጣም። ጡት በጊዜ ያላሟላች እናት ትመርመር አላለም። በየሚንበሩ ስለ ጡት ጥቅም ኹጥባ ይደረግ ብሎም አልተወውም። እናቲቱን ያስቸኮላትን ምክንያት ነው ያነሳው። ገንዘቡን ከጡት መጣል ወደ መወለድ አዛወረው፤ ከዚያ በኋላ መቸኮል የሚያስገኘው ጥቅም ጠፋ።

ሦስተኛ፣ ዑመር ስለ ሞት ያነሳው በዋዛ አይደለም። ሕፃን ያለ ጊዜው ከጡት ሲለይ በሽታ ይበዛበታል፤ በተለይ ተቅማጥ። የእናት ጡት ወተት ምግብም ነው፣ መከላከያም ነው። ውሃው፣ ዕቃውና እጁ ንጹሕ ባልሆነበት ቦታ ያለ ዕድሜው የተሰጠው ምግብ ይዞት የሚመጣውን በሽታ የጥቂት ወራት ሆድ አይችለውም። የዚያ ዘመን ሰዎች ስለ ጀርም አያውቁም ነበር፤ ግን ልጆቻቸውን ሲቀብሩ ያዩ ነበር።

5. የሙስሊም ሐኪሞች ምን ጻፉ?

በኋላ ዘመን የሕፃናት አመጋገብ ራሱን የቻለ የሕክምና ርዕስ ሆነ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የቀይረዋኑ ኢብኑል ጀዛር ስለ ሕፃናት አያያዝ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ጻፈ። በአንደሉስ የቁርጡባው ዐሪብ ኢብኑ ሰዕድ፣ በግብፅ አሕመድ አል-በለዲ ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ ሕፃናት ጽፈዋል።

ኢብኑ ሲና (ከ980 እስከ 1037 እ.ኤ.አ) በ«አል-ቃኑን» መጽሐፉ የማጥባት ተፈጥሯዊ ጊዜ ሁለት ዓመት መሆኑን ጠቅሶ፣ የፊት ጥርሶች ብቅ ማለት ሲጀምሩ ልጁ ቀስ በቀስ ጠንከር ወዳለ ምግብ ይሸጋገር ይላል። ለማኘክ የሚያስቸግር ነገር ግን አይሰጠው። መጀመሪያ ዳቦ ተላምጦ፣ ከዚያ ዳቦ በማር ውሃ ወይም በወተት፣ ከዚያ ቀለል ያለ ሾርባና ሥጋ። ጡት ማስጣሉም በአንድ ጊዜ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። በዳቦና በስኳር ተድቦልቡሎ ልጁ የሚጠባው ነገር እንዲሰጠው ሁሉ ይመክራል።

የደማስቆው ኢማም ኢብኑል ቀይዪም (በ751 ዓመተ ሂጅራ፣ 1350 እ.ኤ.አ የሞቱት) ደግሞ «ቱሕፈቱል መውዱድ ቢአሕካሚል መውሉድ» የሚል መጽሐፍ አላቸው። ልጃቸው ልጅ ሲወልድ የሚሰጡት ሌላ ስጦታ ስላልነበራቸው ይህን እንደጻፉለት ይነገራል። በመጽሐፉ ውስጥ ዐቂቃውና ስም ማውጣቱ ብቻ ሳይሆን የማጥባትና የመመገብ ሥርዓትም አለ። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው።

ጥርስ እስኪያወጣ ወተት ብቻ ይበቃዋል፤ ሆዱ ገና ደካማ ነውና። አላህ ጥርስን እስከዚያ ያዘገየው ለልጁም ለእናቱም ካለው እዝነት ነው፤ በሚጠባበት ጊዜ ጡቷን እንዳይነክሳት። ጥርስ የሚያወጣበት ጊዜ ሲደርስ ድዱን በቅቤ ማሸት ይጠቅማል። ከዚያ ምግቡ በደረጃ ይሂድ። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በወተት የራሰ ዳቦ፣ ቀጥሎ ሥጋ የሌለው ወጥና መረቅ፣ ከዚያም በደንብ የደቀቀ ለስላሳ ሥጋ። ሆዱ እስኪወጠር ማብላት ከመጥፎ አያያዝ ይቆጠራል። ጡት የማስጣያው ጊዜ ብርድና ሙቀት የማይበዛበት ወቅት ቢሆን ይመረጣል። እናትም በአንድ ቀን ቁርጥ እንዳታደርገው፣ እንድታለማምደው ይመክራሉ፤ ከለመዱት ነገር በድንገት መለየት ይጎዳልና። ሁለት ዓመት ከሞላ በኋላ ለተጨማሪ ወራት ብታጠባውም ችግር የለውም።

እነዚህ መጻሕፍት የዘመናቸውን እውቀት የያዙ ናቸው፤ የዛሬ ማዘዣ ወረቀት ግን አይደሉም። ለምሳሌ የኢብኑ ሲናን የማር ውሃ የዛሬ ሕክምና ዓመት ላልሞላው ልጅ አይፈቅድም፤ ማር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኝ ጀርም ለጨቅላ አንጀት አደገኛ መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል ነው። አላምጦ ማጉረስም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ጥርስም ከልጅ ልጅ ስለሚለያይ ሐኪሞች ዛሬ የሚቆጥሩት ወር ነው። የሚደንቀው የመሠረቱ መመሳሰል ነው፤ በመጀመሪያ ጡት ብቻ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ በደረጃ፣ ጡቱም ሳይቋረጥ እስከ ሁለት ዓመት።

6. ዛሬስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ድሮ ተጨማሪ ምግብ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይጀመር ይል ነበር። ከ2001 እ.ኤ.አ ጀምሮ ግን ምክሩ ግልጽ ነው። እስከ ስድስት ወር ውሃም ሳይጨመር የእናት ጡት ብቻ፤ ስድስት ወር ሲሞላ ተጨማሪ ምግብ መጀመር፤ ጡቱን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መቀጠል። የእኛ አገር ጤና ባለሙያዎችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

ማስቸኮል እንደሚጎዳ ሁሉ ማዘግየትም ይጎዳል። ከስድስት ወር በኋላ ጡት ብቻውን ለልጁ የሚያስፈልገውን ብረትና ኃይል አያሟላም። ቀጭን አጥሚት ብቻ እየጠጣ ዓመት የሚሞላው ልጅ ሆዱ ሞልቶ ሰውነቱ ይራባል። ወፈር ያለ የምጥን ገንፎ፣ እንቁላል፣ የተፈጨ አትክልት፣ ሲገኝም በደንብ የደቀቀ ሥጋ ያስፈልገዋል። ኢብኑል ቀይዪም ከወተት ወደ ዳቦ፣ ከዳቦ ወደ መረቅ፣ ከመረቅ ወደ ሥጋ መሰላል የሠሩት ልጁ አንዱ ደረጃ ላይ ቆሞ እንዳይቀር ነው።

አሁን የዑመርን ጥያቄ ወደ ከተሞቻችን እናምጣው። በመርካቶ ሱቅ፣ በፋብሪካ፣ በቢሮ፣ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ሦስትና አራት ወር ለሆነው ልጇ ጡጦና የላም ወተት ስትጀምር እናያለን። አማት ይወቅሳታል፣ ጎረቤት ይወቅሳታል፣ አንዳንዴም ባሏ «ሰነፍ እናት» ይላታል። ማን ጠየቃት?

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደሞዝ ያለው ፈቃድ አላት። አባት 3 ቀን አለው። 90 ቀን እንዴትም ቢቆጠር ስድስት ወር አይሞላም። ሐኪሙ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላታል፤ የሥራ ቦታዋ ከዚያ በፊት ነይ ይላታል። በመካከል ያሉት ወራት በማን ላይ ወደቁ? በእርሷና በልጇ ላይ። ቀጥሮ ውል የማያውቅላት፣ ዛሬ ካልሠራች ነገ የማትበላ እህት ደግሞ 90 ቀኑም የላትም። ያች የሙሰላው ሜዳ እናት ዛሬም አለች፤ የሚያስቸኩላት ምክንያት ብቻ ተለውጧል።

ታዲያ ምን እናድርግ? የመንግሥት በጀት በእጃችን የለም። ሆኖም እያንዳንዳችን ትንሽም ቢሆን ውሳኔ በእጃችን አለ።

አንተ ባል የሆንክ ወንድሜ፣ የበቀራህን አንቀጽ አስታውስ። የምታጠባ ሚስትህ ቀለብ ያንተ ግዴታ ነው። ጡት ስለማስጣልና ምግብ ስለመጀመር ተመካከራት። ገንፎውን ማገንፋትም፣ ልጁን ማጉረስም፣ ሌሊት መነሳትም ነውር አይደለም፤ ዑመር የሰው ልጅ ሲያለቅስ ሦስት ጊዜ ተነስቷል።

አንተ ሱቅና ድርጅት ያለህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ የምታጠባ ሠራተኛ ካለችሽ ሕጉ ከሚለው በላይ መስጠትን የሚከለክል የለም። ቀን አንድ ሰዓት ቀድማ እንድትወጣ፣ ልጇን የሚያመጡላት ንጹሕ ጥግ እንድታገኝ ማድረግ ብዙ አያስወጣም።

እኛ በመስጂድ ያለን ደግሞ፣ ዘካና ሰደቃ ስናከፋፍል የድሃ አራስ ቤትን ከነ ሕፃኑ እንቁጠር። ዑመር ሕፃኑን በመዝገብ ላይ ራሱን የቻለ ሰው አድርጎ ነው የጻፈው። የጀመዓችን የችግረኞች ዝርዝር ላይ «አንዲት እናት» ብለን ከመጻፍ «እናትና የአምስት ወር ልጅ» ብንል የምንመድበውም ይለያል።

እህቶቼ፣ እናንተ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ልጃችሁ ያለ ጊዜው ከተወለደ፣ ክብደቱ ካነሰ ወይም ከታመመ የሐኪሙ ምክር ከማንም ጽሑፍ፣ ከዚህኛውም ጭምር፣ ይቀድማል።

የታላቁ ኸሊፋ ዘመን በድል የተሞላ ነበር። የኪስራ መንግሥት የተሸነፈው፣ በይተል መቅዲስ የተከፈተችው በእርሱ ጊዜ ነው። ያን ቀን ሱብሒ ላይ ያስለቀሰው ግን ስሙን የማናውቀው፣ ጡት ተከልክሎ ሲያለቅስ ያደረ የጥቂት ወር ልጅ ነበር። በሰፈራችን ሕፃን ሲያለቅስ ስንሰማ እናቱን ከመምከራችን በፊት ለምን እንደሚያለቅስ እንጠይቅ። መልሱ እኛው ልንሆን እንችላለን።

አላህ ልጆቻችንን ጤነኛና ሷሊሕ ያድርግልን፤ የሚያጠቡ እናቶችን ያበርታልን፤ በእጃችን ላሉት ሁሉ አዛኝ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።